ከክርስትና እናቴ ሦስት ነጥብ

የበደለችኝ የክርስትና እናቴ ናት። ጊዜውም እኔና እናቴ ሮም በገባን በአራተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የበደለችኝ። ስሟን አልጽፍም። የልጅ ልጆች አሏት፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ያኔ ፊት ለፊቷ "እርስዎ" እላት ነበር። እዚህ "እሷ" እላታለሁ። ይህን ያህል መብት አለኝ።

ታሪኩን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች "ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ያኮረፍሽው? ለልጆች ጭፈራ?" ይሉኛል። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ሳለን ጎረቤቶች ነበርን። አጥራችን አንድ ነበር። እናቴና እሷ "አንቺ" ይባባሉ፣ ወንፊትና ሙቀጫ ይዋዋሱ ነበር። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ያነሳችኝም እሷ ናት። ደርግ ሲመጣ አባቴ ታሰረ፤ ከዚያ ወዲህ እህል ውኃ ስናመላልስለት ቆየን እንጂ ቤት አልተመለሰም። የእሷ ባል ግን ከማንም ጋር ሳይጣላ ሮም ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ወጣ። እናቴን ወደ ሮም ያስመጣቻት እሷ ናት፤ ይህን አልክድም። የቤት ሠራተኛነት ቦታም ያገኘችላት እሷ ናት። እናቴ ታዲያ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እሷ ከተቀበለችን ደቂቃ ጀምሮ "እርስዎ" ትላት ጀመር። ማንም አላዘዛትም። እሷም "ተይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል" አላለቻትም።

እናቴ ትሠራ የነበረው አሜሪካዊ ባልና ሚስት ቤት ነው። ከማእድ ቤቱ ጎን ባለችው የሠራተኛ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ እኔ በግድግዳው በኩል እናቴ በበሩ በኩል እንተኛ ነበር። ባልየው ከከተማው በስተሰሜን ባለ፣ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር ስለነበር ለምኖ አስገባኝ። የክርስትና እናቴ ልጅም እዚያው ትማር ነበር፤ እኩዮች ነን፣ አንድ ክፍል ነበርን። የጠበባትን ጫማና የሰለቻትን ሹራብ እኔ እለብሳለሁ። በየመስከረሙ በፌስታል ተደርጎ ይመጣል። እናቴ በሁለት እጇ ትቀበላለች። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ "ይሄ ሹራብ የእሷ አልነበረም?" ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። የክርስትና እናቴ ልጅ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ልጇ ላይ ቂም የለኝም። ትንሽ አለኝ።

በዚያ ትምህርት ቤት ወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ከሜዳው ጠርዝ ተሰልፈው እየዘለሉ፣ እየጮኹ፣ እየተገለበጡ ቡድኑን የሚያበረታቱ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ቺርሊደር ይባላሉ። የሚመረጡት በፈተና ነው። ለተመረጠችው ልጅ ደንብ ልብስ በልኳ ይሰፋላታል፤ ሰፊዋ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ሜትሯን ወገብሽ ላይ ታዞራለች። ሮም ከገባሁ ጀምሮ በእኔ ልክ የተሰፋ ነገር ለብሼ አላውቅም ነበር። የዚያ ዓመት ፈተና አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነበረው። ያንን ቦታ ፈለግሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር ጥቂት ነው።

ለእናቴ ስነግራት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ቡድኑ ሲጫወት መፈክር እናሰማለን።"

ካውያውን አቁማ ሳቀች። ሮም ከገባን ወዲህ ከልቧ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። "ከመፈክር ሸሽቼ ባሕር አሻግሬ አመጣሁሽ፣ አንቺ ደግሞ መፈክር ለማሰማት ትወዳደሪያለሽ? እዚያኮ በግድ ነበር የሚያስጮኹን! እዚህ ተፈትኖ ነው?" አለችኝ። ቢሆንም ከለከለችኝ ማለት አይደለም።

የምለማመደው ልብስ በሚሰጣበት ጣራ ላይ ነበር። አንሶላዎቹን ወደ ጥግ ሰብስቤ እዘላለሁ፣ በእጄ ቆሜ እገለበጣለሁ፣ እግሬን ከፍቼ ሲሚንቶው ላይ እቀመጣለሁ፣ እጮኻለሁ። የሕንፃው በር ጠባቂ ሴትዮ ከሥር ሆና "ባስታ! ሰው ይተኛበት!" ትለኛለች። እናቴ ሥራ ሲቀልላት ትወጣና እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። "ድምፅሽ አጠረ" ትለኛለች። "ለሠፈር ሰው እንደምትጣሪ አድርጊው እንጂ፣ ለዶሮ እንደምትጣሪ አታድርጊው።" ቀስ በቀስ ድምፄ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ይሰማ ጀመር።

ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለጸሎት ተውሰን በምንጠቀምባት የካቶሊኮች ቤተ ጸሎት ግቢ ውስጥ የክርስትና እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ዓምዱ ጥግ ጠራችን። የወላጆች ኮሚቴ ተወካይ ነበረች፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ እሷ ልትሆን ነው። ሌሎቹ ሁለት አሜሪካዊቷ የስፖርት መምህርና ጣሊያናዊው የሙዚቃ መምህር ናቸው።

"ስሙኝ" አለች። "ደንብ አለ። ዳኛ የሥጋ ዘመዱን አይዳኝም። የራሴ ልጅ ተራ ሲደርስ ወጥቼ እቆማለሁ። ይቺን ግን ማን ያውቃል? ክርስትና እንዳነሳኋት ፈረንጆቹ አያውቁም። አትንገሪያቸው፣ የኔ ልጅ። ከነገርሻቸው ላንቺም ያስወጡኛል። ካልነገርሽ ውስጥ ሆኜ አይሻለሁ። ገባሽ?"

"ገብቶኛል፣ እትዬ" አልኩ።

እናቴ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሠፈር ስንወርድ ክንዴን ይዛኝ ነበር። "አየሽ?" አለችኝ። "የክርስትና እናት ከንቱ ነገር አይደለም።"

እኔም አመንኳት። በእኛ ሃይማኖት የክርስትና ልጅ ከአብራክ ልጅ አይለይም። የእሷ ልጅ እህቴ ናት፤ ወንድ ልጅ ቢኖራት ላገባው አልችልም። ያንን ስለምናውቅ ሊያድርብን የሚችል ጥርጣሬ አልነበረም።

ዓርብ ደረሰ። ዳኞቹ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። በእያንዳንዳቸው ፊት ከአንድ እስከ አስር ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቶኖች ተደርድረዋል። አንዲት ልጅ ስትጨርስ ሦስቱም ካርቶን ያነሳሉ፣ ተደምሮ ለሦስት ይካፈላል፣ ውጤቱ በጥቁር ሰሌዳ ይጻፋል። አንድ ዳኛ ከወጣ ለሁለት ይካፈላል። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ወለል ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

የክርስትና እናቴ ልጅ ተራ ደረሰ። እናትየው ተነሳች። ቦርሳዋን ያዘች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ በጫማዋ ድምፅ አዳራሹን አቋርጣ ወጣች። የስፖርት መምህሯ "እንዲህ ነው፣ ልጆች! ትክክለኛ ዳኝነት ማለት ይህ ነው!" አለች። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ልጅቷ ደህና ዘለለች፤ ስትገለበጥ ግን ጉልበቷ ወለሉን ነካ። ሁለቱ ዳኞች ሰባት ሰባት አነሱ። ሰሌዳው ላይ ሰባት ተጻፈ። እስከዚያ ድረስ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ እሱ ነበር። እናትየው ተመልሳ ከመቀመጧ በፊት ሰሌዳውን አየች። አይኔ እሷ ላይ ስለነበር አይቻታለሁ።

ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። አንድም አልሳትኩም። አልኮራም፣ እንዲያው የሆነውን ነው የምጽፈው። ጉልበቴ አልነካም፣ ድምፄ ከጣራው ተላትሞ ይመለስልኝ ነበር። ስጨርስ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሳይታዘዙ አጨበጨቡ። የስፖርት መምህሯ ዘጠኝ አነሳች። የሙዚቃ መምህሩ ስምንት አነሳ።

የክርስትና እናቴ አላነሳችም። ወደ ግራ የመምህሯን ካርቶን አየች። ወደ ቀኝ የመምህሩን አየች። ከዚያ ከፊቷ ያሉትን ካርቶኖች ማገላበጥ ጀመረች። አንዱን ያዘች፣ መልሳ አስቀመጠች። እኔ እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ ፈገግ እንዳልኩ ቆሜያለሁ፤ ነጥብ እስኪነገርሽ ፈገግታሽን እንዳታወርጂ ተብለን ነበር። ውስጥ ሆኜ አይሻለሁ ብላኛለች እያልኩ ነበር በሆዴ።

ሦስት አነሳች።

የስፖርት መምህሯ ወደ እሷ ዘወር አለች። "እርግጠኛ ነዎት?"

"ድምፅዋ ጥርት አይልም" አለች የክርስትና እናቴ በእንግሊዝኛ። "አነጋገሯም። ተመልካች አይረዳትም።"

ግድግዳው ጋ አንዲት ልጅ ሳቀች። ተደመረ፣ ተካፈለ። ከሰባት ጥቂት ጎደለ። አራት ብትሰጠኝ ከልጇ ጋር እኩል እንሆን ነበር። ይህን ያኔውኑ ሰሌዳው ፊት ቆሜ አስልቼዋለሁ፤ እሷም ተቀምጣ አስልታዋለች። ከልጇ በታች ሊጥለኝ ከሚችለው ቁጥር ሁሉ ትልቁ ሦስት ነበር። ጭካኔ እንዳይባል ከዚያ በታች አልወረደችም። ከእኔ በኋላም ከሰባት ያለፈ አልነበረም፤ ቦታው የልጇ ሆነ።

እሑድ ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ክንዷን ዘርግታ መጣች።

"አኩርፈሻል አሉ፣ የኔ ልጅ? አየሽ፣ ከፍ ያለ ባነሳልሽ 'ሐበሻዋ ለሐበሻ አደላች' ይሉኝ ነበር። የሰው አገር ነው። ስም አንድ ጊዜ ከተበላሸ አይጠገንም። ለአንቺም ብዬ ነው። የመጪው ዓመት አለ።"

ይህንን ምክንያት ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አዳላች መባልን ፈርታ ቢሆን ኖሮ ስድስት ይበቃት ነበር። ሦስት ያነሳ ሰው ሰሌዳውን አይቷል።

ጉንጯን አቀረበችልኝ። አልሳምኳትም። አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ።

"ጉድ!" አለች አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

እናቴ በቶሎ ገባች። "ልጅ ናት፣ እትዬ፣ ይለቃታል። ልክ ነዎት። እርስዎ ባይኖሩ እኛ የት ነበርን?"

ቤት ስንገባ በሩን ዘጋችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ እኔ ቆምኩ። አሠሪዎቿ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

"ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ መቼ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ከፈረንጆቹ ገና በፊት። ያለ ፓስፖርት ፔርሜሶ አይታደስም። ፓስፖርት ለማሳደስ ደግሞ የሚያውቅሽ፣ የሚታመን ሰው ኤምባሲ ቆሞ ይመሰክርልሻል። ለእስረኛ ሚስት ማን ነው የሚመሰክረው? እዚህ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁሉ ማን ይደፍራል? ባሏ። ባሏ ብቻ። እሺ ብሎኝ ነበር። አንቺ ዛሬ ሰው ፊት አሳፈርሻት።"

"ያደረገችውን ነግሬሻለሁ እኮ፣ እማዬ።"

"ነግረሽኛል። ደንቆሮ አይደለሁም።"

"ታዲያ?"

"አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ። አብረን እንሄዳለን። ጉልበቷን ትስሚያለሽ፣ ይቅርታ ትያለሽ፣ እንመለሳለን። እንደዚህ አትዪኝ፣ ልጄ። እኔም ስሜያለሁ። ጉልበት መሳም አይገድልም።"

ሐሙስ ሄድን። ክፍላችንን አምስት ጊዜ የሚያህል ሳሎን ነበራቸው፤ መስኮቱ ጥድ ይታይበታል። ባልየው ጋዜጣውን ይዞ ብቅ አለና እናቴን "ደህና ነሽ?" ብሏት ገባ። ጎንበስ ብዬ የክርስትና እናቴን ጉልበት ሳምኩ። እሷም አገጬን ይዛ አነሳችኝ።

"አለፈ" አለች። "እናትና ልጅ ይጣላል፣ ይታረቃል። ደግሞ ባዶ እጅሽን አልተውኩሽም። መምህሯን አነጋግሬልሻለሁ። ለቡድኑ ውኃና ፎጣ የምታቀብል ልጅ ይፈልጋሉ። አብረሽ በአውቶቡስ ትሄጃለሽ፣ ጨዋታውን ሁሉ ታያለሽ።"

"አልፈልግም" አልኩ።

"ምን አለች?"

"እሺ ነው ያለችው፣ እትዬ" አለች እናቴ።

ልጅቷ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ደንብ ልብሱን ለብሳ ነበር። ነጭ ሹራብ፣ ሰማያዊ ሽንሽን ቀሚስ። ቀሚሱ ከጉልበቷ ትንሽ ወርዶባታል። አላየችኝም፤ ምንጣፉን ነበር የምታየው። እናትየው ዙሪያዋን ዞረች።

"አስረዘመችው ይቺ ሰፊ። አንቺ እጅሽ ጎበዝ ነው" አለቻት እናቴን፤ "እስቲ ጠርዙን አሳጥሪላት። መርፌ ቁልፍ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ።"

እናቴ ቦርሳዋን አስቀመጠች። መሳቢያውን ከፈተች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። መርፌ ቁልፎቹን በጥርሷ ይዛ፣ እየዞረች፣ ጠርዙን እያጠፈች ትሰካ ጀመር። በልክ እንደምትቆርጥ ሰፊ ጥንቅቅ አድርጋ ነበር የምትሠራው። ስትዞር በጉልበቷ ነበር የምትዞረው።

"አቴንታ!" አለች ልጅቷ፤ መርፌው ነክቷታል።

"ይቅርታ፣ የኔ ቆንጆ" አለች እናቴ ጥርሷን ሳትከፍት።

የክርስትና እናቴ ሶፋው ላይ ሆና "ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ" ትላለች። አንድ ወቅት እናቴ በዚያው ቃና አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ "ኧረ ሙቀጫዬን መልሺልኝ፣ ሌባ!" ስትላት፣ ሁለቱም ሲስቁ እሰማ ነበር። ሁለቱም ያንን የረሱት ይመስላል። ወይም እናቴ አልረሳችም ይሆናል፤ ጠይቄያት አላውቅም።

አውቶቡስ ስንጠብቅ እናቴ ጉልበቷን በመዳፏ ጠረገች። "ጨረስን" አለችኝ። "ከእንግዲህ አንድ ቃል የለም። ቫ ቤኔ?"

"ቫ ቤኔ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከደወሉ በፊት የስፖርት መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ከዳኞቹ አንዷ የክርስትና እናቴ ናት አልኳት። "በሥጋ ትዛመዳላችሁ?" አለችኝ። በሥጋ አይደለም፣ ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያን እናቴ ናት፣ ልጇ እህቴ ናት፣ ወንድ ልጅ ቢኖራት ላገባው አልችልም አልኳት። "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለች። እንዳልናገር የነገረችኝ እሷ ናት አልኳት። መምህሯ ስልኩን አንስታ ፊቴ ደወለችላትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። የክርስትና እናቴ ብዙ ነገር መካድ ትችል ነበር፤ ያነሳችውን ክርስትና ግን አልካደችም።

ሦስቷ ተሰረዘች። የቀረው ነጥብ ለሁለት ሲካፈል ከልጇ በለጥኩ። ቦታው የኔ ሆነ፤ ልጅቷ ወጣች፤ እናትየውም ከዚያ ወዲህ ዳኛ አልሆነችም።

ባሏ ለእናቴ አልመሰከረላትም። ፓስፖርቷ አልታደሰም፣ ፔርሜሶዋም ከገና በፊት አለቀ። እናቴ ቦታውን እንድመልስና እንድታረቅ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። የጣሊያን መንግሥት ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች እስኪመዘግብ ድረስ፣ ፖሊስ ስታይ መንገድ እየተሻገረች ሠራች። አንድም ጨዋታ መጥታ አላየችም።

እኔን ሰፊዋ መጥታ ለካችኝ። ያን ዓመት የነበረውን ጨዋታ ሁሉ ከሜዳው ጠርዝ ቆሜ ጮህኩ። የክርስትና እናቴን ደግሜ አላነጋገርኳትም። ስትሞት ደውለው ነገሩኝ። ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም፤ ሥራ ገብቼ ዋልኩ።